ለመስኮት የማይሆን ቴሌስኮፕ

ኪዳኔ ከዶሮዎቹ ቀድሞ ይገባል። ይህን ያሉት ምቀኞቹ አይደሉም፤ ሚስቱ የዝናሽ ናት፣ ያውም እየሳቀች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል፣ ጀሪካኖቹን ውኃ ሞልቶ ያስገባል፣ የግቢውን የቆርቆሮ በር ሁለቴ ይፈትሻል፤ ከዚያ ቤት ገብቶ መቀርቀሪያውን ይዘጋል። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ግቢው የእሱ አይደለም። አንድ ማታ የተሰጣ በርበሬ ውጭ ረስተው ካፊያ ሲመጣ፣ እሱ በመስኮት ቆሞ እጁን እያወናጨፈ «በዚህ በኩል! በዚያ በኩል!» ሲል፣ በርበሬውን ከነሸራው ጎትታ ያስገባችው የዝናሽ ናት።

ፈሪ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ግን አይደለም። ድባጤ ሳለ ማሳ ሲጠብቅ ሜዳ ላይ ያድር፣ ጅብ ሲመጣበት በድንጋይ ያባርር ነበር። ከእርሻውና ከትንሽ ሱቁ ጎን ለጎን፣ ጓሮው ውስጥ የተተከለችውን የመንግሥት ዝናብ መለኪያ በየማለዳው እያነበበ በደብተር ይመዘግብ ነበር። ከዚያ 2013 ዓ.ም. መጣ። ግድያው መንደራቸው ደጃፍ በደረሰ ሌሊት ኪዳኔ፣ የዝናሽና የእሱ ታናሽ ወንድም ታረቀኝ በእጃቸው ያለውን ብቻ ይዘው ወደ ጫካ ወጡ። ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ኪዳኔ መንገዱ ቢጠፋበት «ምነው ያቺን ባትሪ ይዘናት በወጣን!» አለ። ያለው ይህንን ብቻ ነው። ታረቀኝ ግን «ገና ቅርብ ነን፤ ይዣት ልምጣ» ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪነጋ ጠበቁት። አልመጣም።

ከዚያን ሌሊት ጀምሮ ሲጨልም የኪዳኔ ጉልበት ይከዳዋል፣ ምላሱ ይደርቃል፣ ጆሮው የሌለ የእግር ኮቴ ይሰማል። ሐዘን ብቻ ቢሆን ይለቀስ ነበር። የሚበላው ያቺን ባትሪ የጠራች አፉ ናት። ይህን ለየዝናሽ አንድ ጊዜ ነግሯታል፤ ሁለተኛ አላነሳውም፣ እሷም አላነሳችበትም።

አሶሳ ሲገቡ እንጀራ የሰጠችው ያቺ የዝናብ ደብተር ናት። ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዟት ወጥቶ ነበርና፣ የአየር ጠባይ ጣቢያው ሰዎች አንድም ቀን ያልተዘለለባትን መዝገብ ሲያዩ ተመልካች አድርገው ቀጠሩት። ሥራው ሰማይ ማየት ነው። ሰማዩን በሐሳቡ ስምንት ቦታ ይከፍልና ስንቱ በደመና እንደተሸፈነ ይጽፋል፦ ሦስት ከስምንት፣ ሰባት ከስምንት። የማታውን ንባብ የሥራ ባልደረባው ብሩክታይት ትሠራለታለች፤ እሱ ደግሞ በምትኩ የእሷን የማለዳ ተራ ሁሉ ወስዷል። ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። ጥሩ ሰው ናት።

ከዋክብት ውስጥ የገባው እንግዲህ በመስኮት በኩል ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ምሥራቅ በምታየው የመኝታ ቤት መስኮት፣ በብረቱ ፍርግርግ መሐል፣ አንድ ትልቅ ኮከብ ብቅ አለ። አይርገበገብም። ዝም ብሎ ያያል። ኪዳኔ በማግስቱም ጠበቀው፣ በሦስተኛውም ቀን። ስልኩ ላይ ፈላልጎ ጁፒተር መሆኑን ሲያውቅ፣ ሌላ ፕላኔት በሰላም ቤቱ ድረስ መጥቶ የጎበኘው ያህል ደስ አለው። አጠገቡ አራት ጨረቃዎች እንዳሉና ትንሽ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሊያያቸው እንደሚችል ባነበበ ጊዜ ደግሞ እንቅልፍ አጣ። ለዓመታት በፍርሃት እንቅልፍ ያጣ ሰው በጉጉት ሲያጣው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ቴሌስኮፕ መምረጥ የጀመረው ያኔ ነው። መምረጥ ስል እንደ እናንተ ወይም እንደ እኔ ዐይቶ፣ ጠይቆ፣ ገዝቶ መውጣት እንዳይመስላችሁ። ኪዳኔ አዲስ ደብተር ከፈተ፤ በግራ ገጽ ጥሩ ጎኑን፣ በቀኝ ገጽ መጥፎ ጎኑን ይጽፋል። አዲስ አበባ የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ነብዩ በየሱቁ እየዞረ ፎቶ ይልክለታል። አንደኛው ቀጭንና ረጅም ሲሆን ካርቶኑ ላይ በትልልቁ «አምስት መቶ ሃያ አምስት ጊዜ ያጎላል» ተብሎበታል። ኪዳኔ የመለኪያ መሣሪያ ሰው ስለሆነ እግሮቹን ተመለከተ፤ የሸምበቆ ያህል ናቸው። «ይኼ ነፋስ ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ነው። አምስት መቶ ጊዜ አጉልቶ መንቀጥቀጥ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሠረዘው። ሁለተኛው በሁለት ዐይን የሚታይበት መነጽር ነው፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ግን ወታደር ያስመስላል፤ ያንንም ሠረዘ። ሦስተኛው አጭርና ወፍራም በርሜል ነበር፤ ሥሩ መስታወት አለው፣ የብርሃን አሰባሰቡ የተመሰከረለት ነው፣ ሦስት እግር የለውም፤ ጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጣል። ምስሉን ግን ገልብጦ ያሳያል። ኪዳኔ በቀኝ ገጽ «ይገለብጣል» ብሎ ጻፈና ሁለቴ አሰመረበት። የተገለበጠ ነገር እስኪበቃው ያየ ሰው ነው።

ገና ከመጀመሪያው ግን፣ ከሁሉም በላይ፣ ደብተሩ አናት ላይ የጻፋት አንዲት መስፈርት ነበረች፦ «በመስኮት የሚሆን»።

እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ የለም። ያነበበው ሁሉ አንድ ቃል ነው የሚናገረው፦ ከመስታወት ጀርባ አትዩ፣ ከቤት ሙቀት አርቁት፣ ወደ ውጭ አውጡት፣ ዐይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ሃያ ደቂቃ! ኪዳኔ ይህን ባነበበ ቁጥር አዲስ ገጽ ይገልጥና ሌላ ቴሌስኮፕ ማወዳደር ይጀምራል። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። ነብዩ ከአዲስ አበባ «ሰውዬ፣ ሚስት እንኳ ስትመርጥ እንዲህ አልቆየህም» ብሎ ጻፈለት። ጁፒተር በበኩሉ አልጠበቀውም፤ ማታ በማታ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄዶ በጥር መጨረሻ ከመስኮቱ ወጣ። ኪዳኔ ፍርግርጉ ላይ ጉንጩን ለጥፎ ወደ ላይ ቢያንጋጥጥ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ቀረ። ያን ማታ እንደ ልጅ ከፋው።

ነገሩ ሁሉ ቀልድ በሆነ ደግ ነበር። የዝናሽ ግን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ቤታቸው ከተማው ዳር ነው፤ ከመሸ ባጃጅ እንደልብ አይገኝም፣ ስልክም አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም። ማታ ምጥ ቢመጣ አንድ ሰው አስፋልቱ ድረስ በጨለማ ሄዶ መኪና ማምጣት አለበት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሁለቱም አውቀው ዝም ይባባሉ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ የዝናሽ ዝምታውን ሰበረችው።

«ሙርሳልን ለምኜዋለሁ» አለች፣ ወጡን እያየች። ሙርሳል የጎረቤታቸው የሃጂ አብዱልረሂም ልጅ ነው፤ ሞተር ሳይክል አለው። «ማታ ከሆነ በግድግዳው በኩል ጥሩኝ ብሎኛል። ባጃጅ አምጥቶ ራሱ ያደርሰኛል።»

ኪዳኔ እንጀራውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረ። «እኔስ?»

«አንተ በነጋታው ትመጣለህ» አለች ቀስ ብላ። ልትሰድበው አይደለም፤ ለዚያ ነው የባሰ ያመመው። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረው።

ያንኑ ዕለት ለነብዩ ደወለና «ያን የሚገለብጠውን ላክልኝ» አለው። ዕቅዱ እንዲህ ነበር፦ አንድ ሰው ወዶ ጨለማ ውስጥ የሚቆምበት ምክንያት ካገኘ፣ ተገዶ መቆምም አይከብደውም። መጀመሪያ ደጃፍ ላይ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር። በወረቀት ላይ ጥሩ ዕቅድ ነው። እስኪደርስ ግን ሌላ ጭንቀት ያዘው፤ እንዲህ ያለ ወፍራም ቱቦ በእነዚያ ሁሉ ኬላዎች ተፈትሾ ሲወጣ ጠባቂዎቹ ምን ይሉታል? ከጣቢያው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፎ በስልክ ላከ፤ ነብዩ አሳትሞ ካርቶኑ ላይ ለጠፈው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ በነበረበት ቀን ተኩል ኪዳኔ ሰማዩን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ መዘገበ።

ዕቃው ማክሰኞ ደረሰ። ረቡዕ የቤርታ ተወላጅና የቀርከሃ ባለሙያ የሆኑት ሃጂ አብዱልረሂም በርሜሉ የሚቀመጥበት፣ ሰው ቢቆምበት እንኳ የማይነቃነቅ ባለ ሦስት እግር ቀርከሃ ሠርተው አመጡለት። ሐሙስ ኪዳኔ በቀን ብርሃን በመስኮት በኩል ጉብታው ላይ ያለውን የስልክ ማማ አየበት፤ ማማው በአናቱ ቆሟል። ማታ ማታ ግን በርሜሉ አልጋው እግር ሥር በጋቢ ተሸፍኖ ያድራል፤ ባለቤቱም አጠገቡ ተሸፋፍኖ ያድራል።

ዓርብ፣ የካቲት ሃያ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሃጂ በቆርቆሮው በር ብቅ አሉ። የኪዳኔ ዐቢይ ጾም ሰኞ ገብቷል፤ የእሳቸው ረመዳን ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

«ኪዳኔ፣ ዛሬ ሻዕባን ሃያ ዘጠኝ ነው» አሉ። «ማታ ጨረቃ እንፈልጋለን፤ ከታየ ነገ ጾም ነው። ሬዲዮ ይናገራል፣ እናውቃለን። ግን እኛ አባቶቻችን ወጥቶ ነው የሚያየው። ድሮ እኔ ነበር መጀመሪያ የሚያይ። አሁን ዐይኔ ደከመ። ያንተ ቱቦ ይምጣ።»

ኪዳኔ የዝናሽን አየ። የዝናሽ ሽንኩርቷን ትልጣለች። አይሆንም ለማለት አፉን ከፈተ፤ ዐይኑ ግን ቀርከሃው ላይ ዐረፈ። ያን ሁሉ ጉልበት በነጻ ለሠሩለት ሽማግሌ ምን ብሎ ይመልስ? በሐሳቡ ሰዓቱን ቀመረ። ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ገደማ ትገባለች። ጭላንጭሉ ሳይጠፋ አይቶ፣ አሳይቶ፣ ጠቅልሎ ይመለሳል።

«እሺ፣ ሃጂ። ግን ሳይጨልም እመለሳለሁ።»

«ጨረቃ ራሱ ቶሎ ይገባል» አሉ ሃጂ፤ ያን ያህል ነው ያጽናኑት።

ጉብታው ከቤቶቹ በስተጀርባ፣ ከደረቅ ወንዝ ማዶ ነው። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ በቀርከሃ ጫካ መሐል ያልፋል። ኪዳኔ በርሜሉን ታቅፎ ሲሻገር ገና ብርሃን ነበር፤ ቢሆንም ግራና ቀኙን ይቃኛል። ከላይ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶች ተሰብስበዋል። ምዕራቡ የሣር ቃጠሎ ጭስ ይዞ ቀልቷል። ፀሐይዋ ገባች። ኪዳኔ ቀርከሃውን ተክሎ፣ በርሜሉን ጭኖ፣ ሰማዩን ከአድማሱ ወደ ላይ ማሰስ ጀመረ። አንድ ዐይኑ ቱቦው ውስጥ፣ ሌላው ዐይኑ ከኋላው እየጠቆረ በሚመጣው ምሥራቅ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ቶሎ ማግኘት አለበት። ቶሎ አግኝቶ ቶሎ መግባት።

ድንገት መነጽሩ ውስጥ ገባች። ቀጭን፣ ነጭ፣ ማጭድ የመሰለች ትንሽ ጨረቃ።

«አየኋት!» ብሎ ጮኸ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም። «ሃጂ፣ ይምጡ፣ አየኋት!»

ሃጂ ጎንበስ ብለው አንድ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «አለ» አሉ ሃጂ። «ቀጭን ነው። ግን ጀርባው ወደ ላይ ነው፤ ተገልብጧል።»

«መሣሪያው ነው የሚገለብጠው» አለ ኪዳኔ በባለሙያ ኩራት። ለዓመታት በራሱ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሃጂ። ይህችን ሲሉ ሙርሳል ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ወንዙን ዞሮ በመኪናው መንገድ፣ አቧራውን አጭሶ፣ ለመስጊዱ ዜናውን ሊያደርስ ሄደ።

ሃጂ ግን ቀና ብለው በርሜሉ ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ በባዶ ዐይናቸው ተመለከቱ። ደግመው ተመለከቱ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለዋወጠ።

«ኪዳኔ፣ እዚያ ላይ ኮከብ ነው ያለው። ዙሃራ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጨረቃ እንደዚያ ከፍ አይልም። ታች ነው፣ ፀሐይ የገባበት ጋ።»

ኪዳኔ በርሜሉን ተከትሎ ወደ ላይ አየ። እውነትም ከአድማሱ ርቃ፣ ብቻዋን የምታበራ አንዲት ኮከብ ናት። ቬነስ። ቬነስም እንደ ጨረቃ እንደምትጎድልና በዚህ ወር በቴሌስኮፕ ማጭድ እንደምትመስል በገዛ ደብተሩ፣ በገዛ እጁ ጽፎታል። በጨለማ ላለመያዝ ሲጣደፍ ኮከብ አይቶ ጨረቃ ነው ብሎ አወጀ። በእሱ ቃል አንድ ሰፈር ሙሉ የማይገባው ቀን ሊጾም ነው። ያውም የእነሱ ሃይማኖት ሰው ያልሆነ፣ ትናንት መጥቶ የተጠጋ እንግዳ ባወጣው ወሬ። ሙርሳልስ ከእንግዲህ ምን ብሎ ያየዋል?

«ደውሉለት!» አለ። ሦስት ሰዎች ስልክ አወጡ። ኔትወርክ የለም።

ኪዳኔ ሮጠ። መኪናው በሚሄድበት ሳይሆን በአጭሩ፣ በቀርከሃው መሐል፣ በደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ በሌላኛው ዳገት። ጫማው ቢወልቅ መልሶ አጠለቀው፣ እሾህ ሸሚዙን ያዘው፣ ጎትቶ አለፈ። አንድ ነገር ብቻ በጭንቅላቱ ይመላለሳል፦ አስቁማቸው፣ ሳይናገሩ አስቁማቸው። መስጊዱ ግቢ ሲደርስ ሙርሳል ኢማሙ ፊት ቆሞ ነበር።

«ማን አየ?» ይላሉ ኢማሙ። «ሁለት ሰው በዐይኑ አይቷል ወይ?»

«ተሳስቻለሁ!» አለ ኪዳኔ ከበሩ። ሳሉ ያዘውና ጉልበቱን ተደግፎ ቆመ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጨረቃ አይደለም። ኮከብ ነው ያየሁት። ቬነስን ነው።»

ኢማሙ አዩት፤ የተቀደደውን ሸሚዝ፣ የደማውን ክንድ አዩ። «ገና አልተናገርንም» አሉ። «ሮጠህ ነው የመጣኸው? ውኃ ስጡት።»

ውኃውን ግማሹን አንገቱ ላይ አፍስሶ ጠጣ። ሙርሳል «ሞተሩ ነዳጅ ሊጨርስ ነው፤ ቀድቼ ልመለስ፣ ጠብቀኝ» አለው፤ እሱ ግን መሣሪያውን ትቶ መጥቷልና ተመልሶ በመጣበት ሄደ። ጉብታው ላይ ሲደርስ ሰዉ ተቃቅፎ ይስቃል። ሃጂ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት።

«አየሁት!» አሉ። «በዐይኔ! ያንተን ቱቦ ታች አወረድን፣ አገኘ፤ ከዚያ በዐይኔ አየሁት፣ እኒህም ሁለቱ አዩት። አሁን ገባ። ያሁኑ እውነት ነው። ኪዳኔ፣ እኔ እግሬ አይሮጥም፤ እነዚህ ልጆች ሲጨቃጨቁ ይመሻል። መንገዱን አሁን ያወቅኸው አንተ ነህ። ሂድና ንገር፤ አሁን ያንተን ቃል ያምናሉ፣ ስህተትህን ራስህ ነግረሃቸዋልና።»

ኪዳኔ ዞር ብሎ የመጣበትን መንገድ አየ። መንገድ የለም። ወንዙ የለም፣ ቀርከሃውም የለም፤ ከጉብታው ግርጌ ጀምሮ ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ነገር ሆኗል። ከተማውም መብራት የለውም። ያኔ ነው ገና የገባው፤ መሽቷል። ሁለት ጊዜ በዚያ ውስጥ አልፏል፣ ግን አላየውም ነበር። አሁን አየው።

«ባትሪ ያለው ሰው አለ?» አለ። ምን እንዳለ ሰማው። ያንኑ ቃል ነው።

አንድ ሰው ስልኩን ሊያበራ ኪሱን ይዳብስ ጀመር። «ቤት ቅርብ ነው፣ ሮጬ ላምጣልህ» አለ ሌላው።

«አይ!» አለ ኪዳኔ። ድምፁ ስለበረታ ሰዉ ደነገጠ። «ማንም አይመለስ። ማንም የትም አይሂድ። እኔ እሄዳለሁ።»

ወረደ። አሁን አልሮጠም፤ ቢሮጥ የሚከተለው ያለ ይመስለዋል። ቀርከሃው ውስጥ ሲገባ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ቆመ። ወደ ኋላ መመለስ አማረው፤ እውነቱን ለመናገር እግሩ ግማሽ እርምጃ ተመልሷል። የሚያደርገውን ሲያጣ የሚያውቀውን አደረገ፤ ቀና ብሎ ሰማዩን ስምንት ቦታ ከፈለ። ደመና፦ ዜሮ ከስምንት። ነፋስ፦ ከምሥራቅ፣ ደካማ። ጭስ፦ በምዕራብ፣ ዝቅ ብሎ። በቀርከሃው አናት መሐል ስማቸውን የማያውቃቸው ከዋክብት ተደርድረዋል። ሃያ ደቂቃ ያሉት እውነት ነው፤ ዐይኑ እየለመደ ሲሄድ መሬቱም ቀስ እያለ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ ነጭ ድንጋዮቹ፣ ከዚያ የወንዙ አሸዋ፣ ከዚያ የመንገዱ መስመር። ታረቀኝን አሰበው። ለመጀመሪያ ጊዜ በባትሪው ሳይሆን በፊቱ፤ ሲስቅ የሚጨፈነውን ግራ ዐይኑን። «ይኸው ሄድኩ እኮ፣ ታሬ» አለ ጮክ ብሎ፣ እንባው እየወረደ። ማንም አልሰማውም። በየስምንት እርምጃው ቀና እያለ ዜሮ ከስምንት፣ ዜሮ ከስምንት እያለ ተሻገረ።

ለኢማሙ ነገራቸው። የሃጂን ስም፣ የሁለቱን ሰዎች ስም፣ ያዩበትን ሰዓት እንደ መዝገብ አድርጎ ነገራቸው። ሙርሳል ነዳጁን ቀድቶ ሲመጣ «ና ቤትህ ላድርስህ» ቢለው፣ «አባትህንና ዕቃዬን አምጣልኝ፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አለው። ሙርሳል ከላይ እስከ ታች አየውና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

የዝናሽ ሞታ ነበር በጭንቀት። በሩን ከፍታ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ባትሪ እያበራች ደጅ ላይ ቆማለች። የእግር ኮቴ ስትሰማ ብርሃኑን ወደ መንገዱ ወረወረችው፤ ኪዳኔ ፊት ላይ ዐረፈ። ብቻውን ነው። ከኋላው ሰው የለም፣ ሞተር የለም።

«ኪዳኔ? ማን አደረሰህ?»

«ማንም» አለ፣ ዐይኑን በእጁ ጋርዶ። «የዝኑ፣ ባትሪውን አጥፊው።»

«ምን?»

«አጥፊው። ሲጠፋ ነው የሚታየው።»

አጠፋችው። ግቢው ጥቁር ሆነ። መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ፍርሃቱ አልሄደም፣ ግን ቆሟል። ቀስ እያለ ቀና አደረጋትና ከጣሪያው በላይ፣ ከአናታቸው ትይዩ፣ የማይርገበገበውን ትልቅ ኮከብ አሳያት። «ያ የእኔ ነው» አላት። «ከመስኮቱ የጠፋው። እዚህ ነበር ለካ።»

የዝናሽ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ኮከቡን ይሁን ባሏን እንጃ። ከዚያ እጁን ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው። «ነገ ሙርሳልን ቀርቷል እለዋለሁ» አለች።

«እኔው እነግረዋለሁ» አለ ኪዳኔ።

ወገቧን እስኪያማት ድረስ አልገቡም። ዶሮዎቹ ከገቡ ቆይተዋል።